ያላየ ይጻፍ

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

በጥድፊያ። የኩባንያው ማስጠንቀቂያ ዛሬ ጠዋት ለሁላችንም በኢሜይል ደረሰ። ወንድሜ እነሱ ጋ ከተቀጠረ ወዲህ የጻፈው ኮድ በሙሉ የእነሱ ንብረት ነው አሉ። የክረምቱ ዝናብ ከማብቃቱ በፊት ከውጥን ላይ ካላነሳነው ፍርድ ቤት ነው አሉ። አንብቤ ሳቅኩ። ደንበኛ መጣ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ይዞ። ማታ እቀጥላለሁ።

ሰኞ ማታ

ሳቄ ቶሎ አለቀ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ስናደድ ሐሳብ ይጠፋብኛል። ውጥን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው። ፋብሪካዎቹ «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብለው የጣሏቸውን ማሽኖች መልሰን እናስነሳ ብለን ነው የጀመርነው። ማንም አይከፍለንም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል። እኔና ወንድሜ እዚሁ ቤት፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ጀመርነው፤ ከዚያ ሰው በሰው እየተጠራራ መጣ። አብዛኞቹን በአካል አይቻቸው አላውቅም። ስህተታቸውን ግን ከነጠባዩ አውቀዋለሁ።

ጋሼ፣ ወንድሜን ማለቴ ነው፣ የጻፈው ክፍል ሲያዩት ትንሽ ነው። ስሙን «ተራ አስከባሪ» አልነው። ፕሮግራሞቹ ሁሉ አንዷን ማሽን ሲሻሙ፣ አሁን አንተ፣ አሁን ደግሞ አንቺ እያለ የሚያሰልፋቸው እሱ ነው። እሱ ከወጣ ማሽኑ ይበራል እንጂ አይሠራም። ኩባንያውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አምና ሥራ ሲይዝ ውል ፈረመ። በሥራ ሰዓትም ሆነ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ኮድ የቀጣሪው ነው የሚል ውል። ነጠላ ሰረዝ የማታመልጠው ሰውዬ፣ ሳያነብ ፈረመ። ፈርሞም እያመሸ ለውጥን መጻፉን ቀጠለ። ተራ አስከባሪውን ጨርሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ይለው ነበር፤ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

እራት ላይ «ሰምተሻል አይደል?» አለኝ። ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ። እስኪገባው ድረስ አላናግረውም።

ማክሰኞ

በስልክ ተሰበሰብን። ግማሹ እንበተን አለ፣ ግማሹ ዝም አለ። ዝም ያሉት ይብሳሉ።

ቀስ በሉ እንደ ልማዱ «ቀስ በሉ» ብሎ ጀመረ። ሕግ የተማረ ነው፤ ቀን ቀን ለሰው ውል ያረቅቃል፣ ትርፍ ሰዓቱን ለእኛ ይሰጣል። ይህን ቃል ሳይል አፉን ስለማይከፍት ስሙ ሆኖ ቀረ። «መውጫ አለ፣ ግን አድካሚ ነው» አለ። «የእሱን ኮድ እናወጣለን፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ እንጽፋለን። የድሮውን ያየ ሰው ግን አዲሱን አይነካም፤ ሳያውቀው ይቀዳልና። ያየ ሰው፣ ነገሩ ምን እንደሚሠራ በተራ ቋንቋ ይገልጻል። እንዴት እንደሚሠራ ትንፍሽ አይልም። ያላየ ሰው ያንን አንብቦ ከባዶ ይጽፋል። ሁለቱ በቃል አይነጋገሩም። ጥያቄም መልስም በጽሑፍ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ። እኔ ሁለቱን ኮዶች አስተያያለሁ።»

«ያየ ማነው?» አለች ከመካከላችን ነርስ የሆነችው።

መስመር በመስመር ያነበብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ገላጯ እኔ ሆንኩ። በሌላ አነጋገር ጽሕፈት ተከለከልኩ። ይሁን። አድካሚ ነው ብለው ከሆነ የሚያስፈራሩኝ፣ ድካምን ከእኔ ነው የሚማሩት።

የምትጽፈው ነርሷ ናት። ሆስፒታል ነው የምትውለው፤ የኪቦርዱንና የማውሱን ክፍል የሠራችው እሷ ናት። የጋሼን ኮድ ከፍታ አታውቅም። ደግነቱ ሰነፍ አንባቢ ናት። ይህን ስላት ሳቀች።

ሐሙስ

የምሠራበት የጥገና ሱቅ ባለቤት ወሬውን ከየት እንደሰማው እንጃ። ጠዋት የፈታሁትን ማሽን አስቀምጬ ቀና ስል ከደጅ ቆሞ ያየኛል።

«በነጻ ሠርተሽ ተከሰስሽ አሉ» አለኝ። «ሰው እኮ ቢያንስ በልቶ ነው የሚከሰሰው።»

«ያልበላሁትን አልተፋም» አልኩት።

«ስሙም ውጥን፣ ሥራውም ውጥን። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ ፍጻሜ የሚባል አምጪልን።»

ብሎኖቹን መልቀም ጀመርኩ። እሱ ግን ጥግ ላይ ያለውን፣ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን አሮጌ ማሽን አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «ለመሞከሪያ ይሁንሽ» አለና ሄደ። መስደቡንም መስጠቱንም በአንድ ፊት ነው የሚያደርገው።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ገለጻ። «ተራ አስከባሪው ተጠባባቂዎችን ይመዘግባል። አንዱ ሲበቃው ለቀጣዩ ይሰጣል።» ቀላል ይመስላል። እጄ ኮድ ኮድ ይለዋል፤ እጄን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት፣ እውነቴን ነው።

እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች፣ የሞቱ ሰዎችን ማስታወቂያ ሳይቀር። ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ያላነበበችው ነገር የለም፤ የሳሙና ካርቶን ሁሉ ታነባለች። የታከመችው አምና ነው፣ ጋሼ ሥራ በያዘበት ወር። እሱን አልክድም። ግን ማንበብ ነበረበት።

«በአንድ ቤት ሁለት ጎረቤት አሳደግኩ» አለች ቀና ሳትል። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ኢንተርኔቱ በዚህ ወር ይቋረጣል ብዬ ነበር። አልተቋረጠም። ማን እንደከፈለ አላጣራሁም፣ ጊዜ የለኝም።

እሁድ

ከኩባንያው ሌላ መልእክት። ውጥንን ከነስሙ ካስረከብን ክሱን ይተዉታል፤ ስማችንም «በክብር ይጠቀሳል»። ቀስ በሉ ጨዋ መልስ አርቅቆ ላከልኝ፤ ስለ ገንቢ ሐሳባችሁ እናመሰግናለን፣ ምናምን የሚል። ሁሉንም ሰርዤ «አይሰጥም» ብዬ መለስኩለት።

«ቀስ በይ፣ ቢያንስ ሰላምታ ይኑረው» አለ።

«እንደምን ዋላችሁ። አይሰጥም።» አልኩ።

እንዳለ ላከው።

ረቡዕ

ነርሷ እየጻፈች ነው። ጥያቄዎቿ አጫጭር ናቸው። «ተጠባባቂው ቢጠፋስ?» «ከሰልፉ ይውጣ» እላለሁ። ሌላ ቃል የለም። ፍጥነቷ ያስደንቃል። የሌሊት ተረኛ ሆና ውላ፣ ማለቴ አድራ፣ ከቤቷ ገብታ ትጽፋለች። እኔ ነኝ የማትፈልገውን ምክር ልሰጣት የምቅበጠበጠው።

አርብ፣ ከሰዓት

ተነሳ። ባለሱቁ የሰጠኝ አሮጌ ማሽን ላይ የነርሷ ተራ አስከባሪ ተነሳ። ሱቁ ውስጥ ጮህኩ። አንዲት ደንበኛ ቻርጀሯን ጥላ ወጣች። ምን ይሉ ይሆን አሁን እነዚያ ውል አርቃቂዎች። ወንድሜን ይውሰዱት፣ ውጥንን አይወስዱትም።

ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጥሩ አልሆነችም። ትሁን።

ሰኞ

ቀስ በሉ ደወለ። «ቀስ በሉ» አላለም፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«ነርሷ በጻፈችው ሰልፍ ላይ የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ነው» አለኝ። «ቆጠራው ከሁለተኛው ነው የሚጀምረው። የወንድምሽም እንደዚያው ነው። ከየት መጣ?»

«እንዲህ አይደል እንዴ የሚሠራው?» አልኩት።

«ማንም እንዲህ አይሠራም። እሱ ብቻ ነው።»

ነርሷን ጠየቃት። «ገለጻው ላይ አለ» አለች። ከፍቼ አየሁ። አለ። «የመጀመሪያው ቦታ ባዶ ይቆይ» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። ለእኔ እኮ ምንም አልነበረም። ኮድ ያስተማረኝ ጋሼ ነው። በዚህ ቤት ወረፋ ሁሉ ከሁለተኛው ነው የሚቆጠረው። ሌላ መንገድ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ማስጠንቀቂያው የመጣ ዕለት ስቄ ነበር አይደል።

ሰኞ ማታ

ከሁሉ የከፋው የነርሷ ነው። «አሁን እኔም ያየሁ ሆንኩ ማለት ነው?» አለች። ቀስ በሉ «አዎ» አላት። የጻፈችው ሁሉ ይጣላል፤ እሷም ሁለተኛ አትነካውም። እኔ ባሳየኋት አንድ ባዶ ቦታ።

ይቅርታ ልል ደወልኩላት። ተከራከርኩ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይህ ሕግ የሰነፎች ነው፣ አንድ ባዶ ቦታ ማንን ይገድላል፣ ዝም ብለን ብናጠፋው ማን ያያል አልኩ።

«እኛ እናያለን» አለችኝ። «ሌብነት አልሠራንም ብለን አይደል የምንለፋው። አንቺ ነሽ እኮ ‹አይሰጥም› ያልሽው። ያልተሰረቀ ነገር ነው አይሰጥም የሚባለው።»

በመጨረሻ ይቅርታ አልኳት፤ «ተኚ አሁን፣ እኔም ተረኛ ነኝ» አለችኝ።

ሐሙስ

የድሮውንም አዲሱንም ያላየ ሰው ፍለጋ። አንዱ «አይቻለሁ»። ሌላዋ «ሥራ በዛብኝ»። ሌላው ስልኩን አያነሳም። ክፍት ነው፣ ማንም ያንብበው ስንል ኖረን፣ አሁን ያላነበበ ጠፋ።

አርብ

ተገኘ። አባባ ፊደል።

ማተሚያ ቤት ነው ያረጁት። ጡረታ ሲወጡ ኮድ ተማሩ፤ የውጥንን ፊደላት ቅርጽ አንድ በአንድ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከፊደል ውጪ ምንም ከፍተው አያውቁም። «ሌላው የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ምን አስገባኝ» ይላሉ። ደወልኩላቸው። ጊዜው አጭር ነው አልኳቸው።

«የቸኮለ ፊደል ይገለበጣል፣ ልጄ» አሉኝ። «እሠራዋለሁ። ግን አታጣድፉኝ።»

ቀስ በሉ ገለጻዬን መልሶ ልኮልኛል። «እንዴት» የሚል የሸተተውን ሁሉ በቀይ አጥፍቶታል። ከጻፍኩት እኩሌታው ቀይ ነው። ምን ያህሉ የጋሼ እንደሆነ ያየሁት አሁን ነው። ለእኔ ብልጭ ያለልኝ መስሎኝ የጻፍኩት ሁሉ እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ዝናብ

አባባ ፊደል በቀን አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። ዛሬ ገጹ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የቸኮለው ይቅደም ወይስ ብዙ የጠበቀው?»

በሁላችንም ፊት፣ በጽሑፍ መመለስ አለብኝ። የጋሼ ተራ አስከባሪ የቸኮለውን በዘዴ ያስቀድማል፤ ዘዴው ውብ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ልናገረው አልችልም። ሰርዤ ሰርዤ «ማንም ተረስቶ እንዳይቀር» ብቻ አልኩ።

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉ።

በዚህ አያያዛቸው ዝናቡ ያልቃል። እኔም አልቃለሁ።

ቅዳሜ

ውሃ ልጠጣ ከክፍሌ ወጣሁ። ኩሽና ውስጥ እማዬና ጋሼ ናቸው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ውሉን አንብበኸው አልነበረም እንዴ?» ትለዋለች።

«አንብቤዋለሁ፣ እማዬ። ይህቺ መስመር ትውጣልኝ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። የሕክምናሽ ቀጠሮ ደርሶ ነበር።»

«ለእህትህ ንገራት።»

«ምን ብዬ? ዓይንሽ ነው ልበላት? ወይስ እሷ ጨርሰው ስላለችኝ ነው ልበላት?»

ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

እሁድ

እንግዲህ አንብቦ ነው የፈረመው። እያወቀ ፈረመ፤ እያወቀም ጻፈ። ማን ጻፍ አለው…

ሰኞ

ቀስ በሉን ጠየቅኩት፤ ከወንድሜ ጋር ባወራ ችግር አለው ወይ አልኩት። «ስለ ኮዱ እስኪያልቅ አታውሩ፣ ረድቷቸዋል እንዳይሉን» አለ። «ስለ ሌላ ነገርስ?» አልኩ። «ስለ ሌላ ነገር ማን ከልክሎሽ?» አለኝ።

ቢሆንም አላወራሁትም። ጥንቃቄ ነው። ሕጉ ሕግ ነው።

ረቡዕ

ባለሱቁ፦ «ሽማግሌው እስኪጨርሱ ማሽኑ ራሱ ጡረታ ይወጣል።»

«ይውጣ» አልኩት። «ጡረታ ለወጣ ማሽን ነው የምንሠራው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ያለኝን ሥራ ሁሉ እሱ ሠራልኝና እኔ አባባ ፊደል የላኩትን ስሞክር ዋልኩ። ሦስቴ ወደቀ። አራተኛ ላይ ተነሳ፣ ወዲያው ወደቀ። በየውድቀቱ «ወድቋል» ብዬ ብቻ ነው የምጽፍላቸው፤ ለምን እንደወደቀ አውቃለሁ፣ አልላቸውም። ይህን ያህል ጨካኝ ሆኜ አላውቅም።

«ስንት ጊዜ ወደቀ?» ብለው ጠየቁ።

ነገርኳቸው።

«ሕፃን ልጅ ከዚህ በላይ ይወድቃል» አሉ። እኔም ከዚህ በኋላ መበሳጨት አቆምኩ። ቢያንስ ከእሳቸው ጋር።

አርብ

ቆመ። ውሎ አልወደቀም። ኮዱን አየሁት፤ አሁን ማየት ይፈቀድልኛል። የጋሼን አይመስልም። ረጅም ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ በየመስመሩ ማብራሪያ አለው። ከሁሉ በላይ የጠበቀው ይቀድማል፣ በቃ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ አንድ ተጠባባቂ ተቀምጧል። እሱን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልናገርም፣ ለዚህ ደብተርም ጭምር።

ነርሷ ደወለች። «የማን ያምራል? የእኔ ወይስ የሳቸው?» አለች።

«የአንቺ» አልኳት። «የሳቸው ግን የእኛ ነው።»

«እሱንስ አውቄዋለሁ» አለች፣ ሳትቀየም።

ሰኞ

ቀስ በሉ ሁለቱን ኮዶች መስመር በመስመር አስተያይቶ ጨረሰ። «ቀስ በሉ» አለ። «ቀስ ብዬ አየሁት። ንጹሕ ነው።»

የድሮውን አወጣን፣ አዲሱን አስገባን፣ ለዓለም ለቀቅነው። ለኩባንያውም ጻፍንላቸው። ገለጻው፣ ቀዩ ስርዝ፣ ጥያቄና መልሱ፣ ውድቀቱ ሳይቀር ገጹ ላይ አለ፤ ይፈትሹ። ዝናቡ አሁንም ይዘንባል። ቀድመናቸዋል።

ባለሱቁ «በቃ ፍጻሜ?» አለኝ። «ውጥን» አልኩት።

ሐሙስ

የኩባንያው መልስ አንድ መስመር ናት። «ጉዳዩ በእኛ በኩል ተዘግቷል።» ቀስ በሉ አመስግነን እንመልስ አለ። ለምን ተብሎ። ሳይመለስላቸው ይደር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛልም። እራት ላይ ጋሼ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። አሁን ሕግም የለም፣ የሚከለክል ነገር የለም። አፌን ከፍቼ ጨው አቀብለኝ አልኩት። እሱም አቀበለኝ። ምግቡ ጨው በዝቶበት ነበር።

እሁድ፣ ጠዋት

አዲሱን የጫኑ ሰዎች የሚልኩት አቤቱታ ዛሬ መግባት ጀመረ። እያንዳንዱን የማነበው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፦

«በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። በደንብ ተነስቷል። ሙዚቃ ከፍቼ ሌላ ፕሮግራም ስጨምር ግን ሙዚቃው ይቆራረጣል። የሠራውን እጅ አመሰግናለሁ።»

ከታች ስም አለ። የወንድሜ ስም፣ ከነአባቱ። ከነአባቴ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ለምን እንደሚቆራረጥ እሱ በእንቅልፉም ያውቀዋል። በዓለም ላይ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሙዚቃው ችኩል ነው፣ ተራው ከዘገየ ይቆራረጣል፣ አባባ ፊደል ደግሞ ችኩል አያስቀድሙም። አንዲት ቃል አልጨመረም። «ይህን ብታደርጉ» አላለም። ልክ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ የሆነውን ብቻ ጻፈ። ገጻችንን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነብ የከረመ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው።

ቀስ በሉን ቀሰቀስኩት። የሚጽፈው ኮድ የእነሱ ነው፣ አቤቱታስ አልኩት።

«ሙዚቃዬ ተቆራረጠ ማለትን የሚከለክል ውል አላረቀቅኩም፣ አላየሁምም» አለ። «አሁን ልተኛ?»

ተነስቼ የጋሼን በር አንኳኳሁ። አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ የድሮ ላፕቶፑ ጭኑ ላይ ናት፣ ኩባንያው የሰጠው ማሽን ተዘግቶ መሬት ላይ ነው። ሙዚቃው እየተቆራረጠ ይሰማል።

ልነግረው ያሰብኩት ብዙ ነበር። የእማዬን ዓይን፣ ጨርሰው ማለቴን፣ ከበሩ ጀርባ መስማቴን። አንዱም አልወጣ አለኝ።

«ማሽኑ የትኛው ነው?» አልኩት። አቤቱታ ላቀረበ ሰው ሁሉ የምንጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

«ይቺ ናት» አለ።

«አሮጌው?»

«አሮጌዋ።»

«ሌላስ ምን አየህ፣ ጋሼ?»

ለቀቅ ብሎ ተነፈሰና በአልጋው ጠርዝ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። «ሌላም አለ» አለኝ። «ቁጭ ብለሽ ጻፊ፣ ብዙ ነው።»

ጻፍኩ። እሱ የሆነውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሁለታችንም እንዴት የሚለውን አልነካንም። እማዬ በበሩ አጮልቃ አየችንና ተመለሰች።

የእሱ አቤቱታ በገባበት ተራ ገጹ ላይ ወጥቷል፤ የቀደመውን አያልፍም። አባባ ፊደል «ችኩል ነኝ ባይ መጣ» ብለው ሥራ ጀምረዋል። ኩባንያው «ወንድምሽ የጻፈው ሁሉ የእኛ ነው» ካለ፣ አቤቱታውንም መጥቶ ይውሰድ። እኛ እስከዚያ አስተካክለን እንጨርሳለን።